ደንብ አውጪዋም ትከፍላለች

የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ አፍንጫዬ ነው ያወቀው። ነቀዝ የበላው የበቆሎ ሽታ ከሲሚንቶው ወለል አልለቀቀም። ግድግዳው እስከ ሰው ቁመት ድረስ ኖራ ተቀብቷል። ከኖራው ሥር ግን ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች የቧጨሯቸው ስሞች አሉ፤ ቀለሙ ሲደርቅ እንደ ጠባሳ ተመልሰው ብቅ ብለዋል። ከላይ፣ ከጣራው ሥር፣ ክንድ የማትሞላ ቀዳዳ አለች። ከረፋድ ጀምሮ በእሷ በኩል ፀሐይ ይገባና ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይተኛል። ከምሳ በኋላ ግድግዳው ጋ ይደርስና ይጠፋል። ሌላ ሰዓት አልነበረንም።

የያዙኝ ሆሳዕና፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ሰዎች መጥተው ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ጠመኔ ይዤ እንደነበረ ሄድኩ። እጄን ታጥቤ ልምጣ ብል ይፈቅዱልኝ ነበር ይሆናል፤ አልጠየቅኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ጣቶቼ ነጭ ነበሩ።

ያስያዘኝ አንድ ደብተር ነው። ከስድስት ወዳጆቼ ጋር በቴሌግራም አንድ ታሪክ በጋራ እንጽፍ ነበር። ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ ገጸ ባሕርይው ያደረገውንና የተናገረውን ይጽፋል፤ ሌላው ከዚያ ይቀጥላል። ታሪኩ ሰባት በሮች ባሏት ከተማ ውስጥ ነው። ሰዎቹም ተራ ሰዎች አይደሉም። ነፋስ ጠሪ አለ፤ በመዳፏ ቁስል የምትዘጋ አለች፤ ጥላ ለብሶ የሚሄድ አለ። የእኔ ድርሻ ደንብ ማውጣት ነበር። ደንብ ከሌለ ሁሉም "የእኔ አይሞትም፣ የእኔ ሁሉን ያሸንፋል" ይልና ታሪኩ በሁለተኛው ቀን ይሞታል። ስለዚህ የማን ኃይል ምን እንደሚችል፣ የት ላይ እንደሚያቆም፣ ማን እንደሚመክተው፣ ተጠቃሚውን ምን እንደሚያስከፍለው በደብተር ላይ በመስመር በመስመር ጻፍኩት።

እኔ አማኝ ነኝ፤ ነገሩ ያሳስበኝ ነበር። አስማት የሚለውን ቃል እንኳ በደብተሬ አላሰፈርኩም፤ "ኃይል" ነው ያልኩት። ጸለይኩበት። ድግምትና መናፍስት መጥራት እንዳይገባ ከለከልኩ። የቀረውን እንደ ጉልበት ሥራ አደረግኩት፤ የሚሠራ ይደክመዋል፣ የሚወስድ ይከፍላል። ዋጋ የሌለው ኃይል ጣዖት ነው ብዬ አምን ነበር። አሁንም አምናለሁ።

ያንን ደብተር መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። "አራተኛው በር የሚሰበረው ነፋስ ጠሪውና ጥላ ለባሹ አብረው ሲቆሙ ብቻ ነው" የሚለው መስመር በቀይ ተሰምሮበታል። በዚያ ሰሞን አካባቢያችን አልተረጋጋም ነበር። ሰው ስብሰባ ላይ በተናገረው፣ በስልኩ ባስተላለፈው ይያዛል። በዚያ ዓይን ላነበበው ሰው ደብተሬ ምን እንደሚመስል ይገባኛል። ነፋስ ጠሪው ማን ነው? ጥላ ለባሹስ? በሩ የማን በር ነው? በቴሌግራም ሁላችንም በገጸ ባሕርይ ስም ብቻ ነበርን። እውነተኛውን የስድስቱን ስም የማውቀው እኔ ነበርኩ።

በክፍሏ ውስጥ አራት ሴቶች ነን። ካቦዋ፣ ማለትም የእስረኛው አለቃ፣ ከሺንሺቾ የመጡ ሸምገል ያሉ ሴት ነበሩ። በጓሯቸው ሰው ሰብስበው አስመክረዋል ተብለው ነው። ሁላችንም "አማ" እንላቸዋለን፤ በሀዲይሳም በከምባቲሳም እናት ማለት ነው። አጠገባቸው የምትተኛው ከቦኖሻ የመጣች በርበሬ ነጋዴ ነች፤ ወንድሟ ስለጠፋ በእሱ ፋንታ ያዟት። ሦስተኛዋ የሾኔ ሴት ነች፤ በር አጠገብ ትቀመጣለች፣ አትናገርም። ለመርማሪው ወሬ ታደርሳለች ይባል ነበር። ማን እንዳለ አላውቅም፤ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የቦኖሻዋ "በምን ገባሽ ቲቸር?" አለችኝ።

"በተረት።"

እስኪያስላት ሳቀች። "በተረት! እስኪ መንግሥት ያስደነገጠውን ተረት ለእኛም አውሪልን፤ እኛስ ለምን ይቅርብን?"

ነገርኳት። ተረቱን ሳይሆን ጨዋታውን ወደደችው። ወዲያው ተነስታ ቆመች።

"እሺ፤ እኔ ግድግዳ በእርግጫ የምጥል ነኝ። ይኸው ጣልኩት። ዘበኞቹን እንቁራሪት አደረግኳቸው። በቃ፣ ነጠላችሁን ልበሱ፣ እንሂድ!"

"አይሆንም" አልኳት።

"ለምን አይሆንም? ተረት አይደለም እንዴ?"

"ከዚያ በኋላስ ምን እንጫወታለን?"

አማ ከተጋደሙበት "እውነቷን ነው" አሉ። "ሁሉ ነገር በአንድ እርግጫ ካለቀ ጨዋታ አይባልም።"

ደንቡን ለክፍሏ አስተካከልኩት። የመጀመሪያው፣ ማንም ከሌላው አፍ አይናገርም፤ የእኔ ገጸ ባሕርይ አንቺን ሊመታሽ ይሞክራል እንጂ "ወደቀች" ብሎ የሚወስንልሽ የለም፣ መውደቅሽን የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ሁለተኛው፣ ለሁሉም ኃይል የሚመክተው ሌላ ኃይል ይኖራል። ሦስተኛው ዋጋ ነው፤ የተቸገርኩትም እዚህ ላይ ነበር። ቴሌግራም ላይ ዋጋው ድካም ነበር፤ ኃይሉን የተጠቀመ ሰው ለተወሰነ ተራ ዝም ይላል። እዚህ ዝምታ ማንን ይጎዳል? ከጠዋት እስከ ማታ ዝም ነን። የማይጎዳ ዋጋ ደግሞ ዋጋ አይደለም።

"ምን አለንና እንከፍላለን?" አለች የቦኖሻዋ፣ ሁለት እጆቿን እያገላበጠች።

ሳላስብ "ትዝታ አለን" አልኩ።

እንዲህ ተወሰነ። ኃይሏን የተጠቀመች ሴት አንድ ትዝታዋን ጮክ ብላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ትናገራለች። ከዚያ በኋላ የእሷ አይደለም፤ የታሪኩ ነው። ተመልሳ አታነሳውም፣ እኛም አንጠይቃትም። ለትንሽ ኃይል ትንሽ ትዝታ፣ ለትልቁ ትልቅ። መጠኑን የሚመዝኑት አማ ናቸው። እኔ ደንቡን እጠብቃለሁ።

ለአራት ቀን ፀሐይዋ ወለሉ ላይ በምትሆንበት ሰዓት ተጫወትን። በአምስተኛው ቀን የቦኖሻዋ ሦስተኛውን በር ለመስበር ፈለገች። አማ "ይህ ከበድ ይላል፣ ከበድ ያለ አምጪ" አሏት። ስትዳር አባቷ የሰጧትን ላም ከፈለች። የላሟን መልክ፣ በግንባሯ ላይ ያለውን ነጭ፣ በስሟ ሲጠሯት ጆሮዋን ወደ ኋላ እንዴት እንደምታደርግ፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን በየትኛው ዝናብ እንደወለደች ተናገረች። እየሳቀች ጀምራ ዝግ ብላ ጨረሰች። በሩ ተሰበረ፤ አጨበጨብን።

በማግስቱ ምግብ ሲገባ ወተት የመሰለ ነገር ነበረው። ደንቡን ረስቼ እንደ ቀልድ "ያቺ ላምሽ ብትኖር ኖሮ" አልኳት።

"የቷ ላም?"

አማ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"የቷ ላም ነው ቲቸር?"

"አባትሽ የሰጡሽ ነቻ።"

"አባቴ ላም ሰጥቶኝ አያውቅም" አለች። ከዚያ እጇ ሳህኑ ላይ እንዳለ ቀረ። አንድ ሰው ቤቱ ገብቶ ዕቃ እንደጎደለበት ሲያውቅ፣ የጎደለው ግን የቱ እንደሆነ ሲጠፋው የሚያደርገውን ዓይን አደረገች፤ ጥግ ጥጉን አየች። ማልቀስ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንደምታለቅስ ስንጠይቃት "እኔ እንጃ" አለች። እያሾፈች እንደሆነ ለማመን ሞከርኩ። ያቺ ሴት መቀለድ ትችል ነበር፤ እንደዚያ ማልቀስ ግን የምትችል አይመስለኝም።

አማ ጨዋታውን አስቆሙት። "ይህ ነገር ደግ አይደለም። እንተወው ልጆቼ።" እኔም ተንበርክኬ ንስሐ ገባሁ። ክፉ ነገር በእጄ አስገብቼ ከሆነ ጌታ ያውጣልኝ አልኩ። ለብዙ ቀን ግድግዳው ላይ ያሉትን ስሞች ማየት ፈራሁ። የቧጨሯቸው ሰዎች ስማቸውን እዚህ ትተው፣ ያለ ስም የሄዱ ይመስለኝ ጀመር።

ከዚያ መርማሪው አስጠራኝ።

ንጹሕ ለባሽ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ከመሳቢያው መጽሐፍ ቅዱስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጠርዙ በጣት ወዝ ጠቁሯል፤ ለማስፈራሪያ የተገዛ አልነበረም፣ የሚነበብ ነው።

"እህቴ፣ እኔም ከአማኝ ቤት ነው የወጣሁት" አለኝ። "አላስምልሽም። እኛ አንምልም አይደል?"

"አንምልም።"

"ጥሩ። እጅሽን እዚህ ላይ አድርጊና 'የሰዎቹን ስም አላውቅም' በይ። እንደዚያ ካልሽ አምንሻለሁ። አማኝ እንደማይዋሽ አውቃለሁ። የዚያኑ ቀን ጉዳይሽን እዘጋዋለሁ።"

እጄን ከጭኔ ላይ አላነሳሁም።

"ዝም ካልሽ ግን ዝምታሽን 'ታውቃለች' ብዬ እጽፈዋለሁ። ለሚያውቅ ሰው ሌላ ቦታ አለ። አንቺን እዚያ ማየት አልፈልግም። ነገ ከምሳ በኋላ እጠራሻለሁ፤ ጸልዪበት።"

"ጸልዪበት" ሲል አላሾፈም። የበለጠ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ወደ ክፍል መለሱኝ። በቤታችን ውሸት ከስርቆት ይልቅ ያስመታ ነበር። አባቴ "ሌባ ዕቃ ይመልሳል፣ ውሸታም ምን ይመልሳል?" ይሉ ነበር። እኔ በዚያ መጽሐፍ ላይ እጄን አኑሬ መዋሸት አልችልም። አልችልም ስል ጀግንነቴን እያወራሁ አይደለም፤ አቅም የለኝም ማለቴ ነው። ፊቴ ይናገራል። ሰውየውም ይህን አውቆ ነው ያንን መጽሐፍ ያወጣው። ስድስት ሰዎች በየቤታቸው ነበሩ። እኔ እስከተያዝኩበት ቀን ድረስ ስለ ነፋስና ስለ በር ከመጻፍ በቀር አንድም ነገር አላደረጉም።

ለአማ ነገርኳቸው። ሰምተው ነጠላቸውን ተከናነቡና ተኙ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ወጣች። አማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

"ቲቸር፣ ጨዋታውን አምጪው።"

"ትተነው የለም እንዴ አማ?"

"አንድ ያልከፈለ ሰው አለ።"

"ማን?"

"አንቺ ነሻ። በእኛ አገር ደንብ ያወጣ ሰው መጀመሪያ በደንቡ የሚታሰረው እሱ ነው። ሽማግሌ ራሱን ሳያስር ሌላውን አያስርም። አንቺ ይህን ያህል ቀን ስትፈርጂብን ገጸ ባሕርይ የለሽ፣ ኃይል የለሽ፣ ዋጋ የለሽ። ይህቺ ልጅ ላሟን ከፈለች፤ አንቺ ምን ከፈልሽ?"

እውነት ነበር። ሁሉን ለማመዛዘን ስደክም፣ ሚዛኑን የያዘውን እጅ ሚዛን ላይ አላኖርኩትም። ከስድስቱ ወዳጆቼም አንዳቸው እንኳ ይህን ጉድለት አላነሱብኝም ነበር፤ ወይም አንስተው ይሆናል።

"ገጸ ባሕርይሽ ማን ናት?" አሉኝ አማ።

"ደንብ አውጪዋ።"

"ምን ማድረግ ትፈልጋለች?"

"በበር ማለፍ።"

"በየትኛው በር?"

"ዛሬ ከምሳ በኋላ በሚከፈተው።"

አማ እንደ ልማዳቸው መዘኑት። "ከባድ ነው። ትንሽ ነገር አይበቃውም።"

"ስድስት ስሞች አሉኝ" አልኩ።

የቦኖሻዋ እጄን ያዘችኝ። ቀልድ ሁሉ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር። "አታድርጊው ቲቸር። እኔ ላሟን እስከዛሬ አላገኘኋትም። ነበረችሽ ትሉኛላችሁ፣ አምናችኋለሁ፤ ግን የለችም።"

"ስምማ ብቻውን ዋጋ አይደለም" አሉ አማ፣ እንዳልሰሟት ሆነው። "ስም ከሰውየው ጋር ነው የሚሄደው። ወዳጆችሽን ነው የምትከፍይው። ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል።"

ነገር ግን ዋጋ የሚከፈለው ጮክ ብሎ በመናገር ነው፤ ደንቡ የራሴ ነበር። ስሞቹን በዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ መናገር አልችልም። ሁላችንም ወደ በሩ ላለማየት ስንሞክር ሁላችንም አየን። የሾኔዋ ሴት እንደተለመደው በር አጠገብ ተቀምጣለች።

ተነሳች። የመጠጥ ውሃ ያለበትን ጆግ ይዛ መጥታ ከፊቴ አስቀመጠችው። ድምፅዋን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

"ወለሉ ላይ በውሃ ጻፊው። መጻፍም መናገር ነው።" ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "እኔ ዞሬያለሁ" አለች።

አማም ዞሩ። የቦኖሻዋ እጄን ለቀቀችና ዞረች።

ጣቴን ነክሬ ፀሐይዋ ባረፈችበት ሲሚንቶ ላይ የመጀመሪያውን ስም ጻፍኩ። እየጻፍኩ ባለቤቱን አሰብኩ፤ ፊቱን፣ ድምፁን፣ የት እንደተዋወቅን። ወይም ፊቷን። ምን እንዳየሁ አሁን አላውቅም፤ እንዳየሁ ብቻ ነው የማውቀው። ሲሚንቶው ይጠጣል፣ ፀሐይዋም ትጠጣለች። ፊደሉ ከጫፉ እየቀጠነ መጣና አለቀ። ሁለተኛውን ጻፍኩ። ሦስተኛውን ስጽፍ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ለእኔ ከሌሎቹ ይልቅ ቅርብ ኖረው ይሆናል። ስድስተኛው ረጅም ስም ነበር። ረጅም መሆኑን የማውቀው ጣቴን ሁለት ጊዜ እንደነከርኩ ስለማስታውስ ነው።

ውጭ የሚሰማው የባጃጅ ድምፅ፣ የሰው ጫጫታ፣ ያ ሁሉ ቆሞ ነበር። ወይም እኔ አልሰማሁትም። አራት ማዕዘኗ ፀሐይም ከቦታዋ የተንቀሳቀሰች አልመሰለኝም፤ የመጨረሻው ፊደል እስኪደርቅ የጠበቀች ይመስል ነበር። ሲደርቅ ወለሉ ወለል ሆነ።

"ጨረስሽ?" አሉ አማ ሳይዞሩ።

"ምኑን?" አልኩ።

ማንም አልሳቀም።

ከምሳ በኋላ ወሰዱኝ። መጽሐፉ ያው ቦታው ላይ ነበር። እጄን ሳኖርበት ሽፋኑ ሞቅ ይል ነበር፤ እሱም ከእኔ በፊት እጁን አኑሮበት ይሆናል። ልቤ ጸጥ ብሏል። ጌታን የለመንኩት አፌን እንዲጠብቅልኝ ብቻ ነበር።

"የሰዎቹን ስም ታውቂያለሽ?"

ስሞቹን ፈለግኳቸው። መፈለጌ እውነት ነው፤ ልደብቃቸው ሳይሆን ልያቸው ብዬ ሄድኩ። በጨለማ የለመዱት መደርደሪያ ላይ ብርጭቆ ለማንሳት እጅ ይዘረጉና ጣት አየር ይጨብጣል፤ እንደዚያ ነበር። ነፋስ ጠሪው ነበረ። ቁስል ዘጊዋ ነበረች። ጥላ ለባሹም ነበረ። ከኋላቸው ግን ማንም አልቆመም።

"አላውቅም" አልኩ። "አውቃቸው እንደነበር አውቃለሁ። አሁን አላውቅም።"

መርማሪው ፊቴን አየ። ሥራው ፊት ማንበብ ነው፤ አነበበው። ቀስ ብሎ መጽሐፉን ከእጄ ሥር ስቦ ወደ መሳቢያው መለሰ። ሲዘጋው ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሳተ።

"ምን አደረጉሽ?" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። እነማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ጥቂት ቆይቶ አንድ የተጻፈ ወረቀት ገፋልኝ። ቃሌ ነው ተብሎ በእኔ ስም የተጻፈ ነበር። "እኔ" እያለ ይጀምራል፤ ጨዋታው ለሽፋን እንደተዘጋጀ፣ በሮቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደሆኑ ይናገራል። የማንም ስም የለበትም።

"ይህንን ፈርሚና ይለቅ" አለ።

አነበብኩት። ድጋሚ አነበብኩት። አስተማሪ ነኝ፤ ሁለት ቦታ የፊደል ስህተት ነበረው።

"ይህ የእኔ ቃል አይደለም።"

"እህቴ፣ አታስቸግሪኝ።"

"ባዶ ወረቀት ይስጡኝ፤ የራሴን እጽፋለሁ።"

ለምን እንደሰጠኝ አላውቅም። የጠበቀው ሌላ ነገር ይሆናል። ጎንበስ ብዬ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለተማሪ በምጽፍበት እጅ ጻፍኩ። ማንም ከሌላው አፍ አይናገርም። ለሁሉም ኃይል የሚመክተው ሌላ ኃይል አለ። የወሰደ ይከፍላል። ከዚህ በታች በደብተሬ ውስጥ ያልነበረውን አከልኩ፤ ደንብ አውጪውም ይከፍላል። ሙሉ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩበት።

ወረቀቱን አንስቶ ቆሞ አነበበው።

"ይህ ለእኔም ይሠራል?" አለኝ። ፈገግ ሊል ሞክሮ ነበር።

"ለሁሉም ካልሠራማ ደንብ አይባልም ጌታዬ።"

በሩን የከፈተልኝ ራሱ ነው፤ ጠባቂዋን አልጠራም።

ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ለቀቁኝ። ምክንያቱ አልተነገረኝም፤ ደብተሬም አልተመለሰልኝም። አማ እዚያው ቀሩ። ስወጣ ግንባሬን ሳሙኝና "ደህና ሁኚ ልጄ፣ በልክ ከፍለሻል" አሉኝ። የሾኔዋ ሴት አንድም ቀን ወሬ ማድረስ አለማድረሷን አላወቅኩም። ስድስቱ ግን አልተያዙም። ያንን የማውቀው ማንም ስለእነሱ ስላላወራ ነው።

ሆሳዕና በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ጥምጥም ብላ አቀፈችኝ፤ ትከሻዬ እስኪርስ አለቀሰች። "በእኛ ምክንያት! በእኛ ምክንያት!" ትላለች። አቅፌያት ቆምኩ። ሽቶዋን እንኳ አላወቅኩትም። ከስድስቱ አንዷ መሆኗን የገመትኩት በለቅሶዋ ነው። ስሟን ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የከፈሉትን ዋጋ መልሶ መጠየቅ በደንባችን የለም። ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት። ስትሄድ ከኋላዋ አየኋት፤ በአካሄዷ እንኳ ላውቃት አልቻልኩም።

አሁን የምኖረው ደቡብ አፍሪካ ነው። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች መንደር ውስጥ የአጎቴ ልጅ ሱቅ አለው፤ እኔ ከብረት ፍርግርጉ በስተጀርባ ተቀምጬ ዳቦና ሳሙና አቀብላለሁ። ፍርግርጉ ለደኅንነታችን ነው፤ መጀመሪያ ሳየው ግን ለጥቂት ጊዜ ወደ ውስጥ መግባት አቅቶኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ነገሩን ስነግረው፣ ፍርሃት ሰውን እንደሚያስረሳ፣ ብዙ እንዲህ ያለ እንደሰማ ነገረኝ። ይሆናል። እኔ ጌታ ሸፈነልኝ እላለሁ። ነገር ግን የሸፈነ አምላክ ጊዜው ሲያልፍ ይገልጣል፤ ይህ እስከዛሬ አልተገለጠም። ስለዚህ አንዳንድ ቀን አማ እንዳሉት 'ከፍያለሁ' እላለሁና አፌን እይዛለሁ።

ለስድስቱ በየቀኑ እጸልያለሁ። ስም ስለሌለኝ "ነፋስ ጠሪውን ጠብቀው፣ ቁስል ዘጊዋን አስባት" እላለሁ። አጠገቤ የምትንበረከክ እህት አንድ ቀን ሰምታኝ በጎን አየችኝ። ምን እንደመሰላት አውቃለሁ። አላስረዳኋትም። እኔ ወለል ላይ ያደረቅኩት ስም እሱ ዘንድ እንዳልደረቀ አምናለሁ፤ ይበቃኛል።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ገበያተኛ በሌለበት፣ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። የላከው ሰው ስም "ነፋስ ጠሪ" ብቻ ይላል፤ ፎቶ የለውም።

"ነፋስ ጠሪው አራተኛው በር ላይ ቆሟል። ብዙ ጠበቀ። ተራው የደንብ አውጪዋ ነው።"

ማን ነህ ብዬ ልጽፍ ጀመርኩ። አጠፋሁት። ጣቴ ወዛም ሆኖ መስታወቱ ላይ እርጥብ መስመር ትቶ ነበር፤ እስኪደርቅ አየሁት። ከዚያ ጻፍኩ።

"ደንብ አውጪዋ ደረሰች። ባዶ እጇን ነው፤ የምትከፍለው አልቀራትም።"

ወዲያው መለሰ።

"ከፍላለች። የሚያውቁ አሉ። ነፋስ ጠሪው በሩን ይዞላታል፤ ማለፍ አለማለፏን የምትናገረው ግን እሷ ናት።"

አንድ ልጅ አዝሎ የመጣ ገበያተኛ ፍርግርጉን በሳንቲም መታ መታ አደረገ። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አኑሬ ዳቦውን አቀበልኩት። ሲሄድ መልሼ አነሳሁትና አንድ ቃል ጻፍኩ።

"አለፈች።"